የፊልም ድርሰት ከአገር ወደ አገር ሲሻገር

መጽሐፍና ሥዕል ከአንድ ሕዝብ ወደ ሌላው ሕዝብ ለመሻገር በጥንት ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ይፈጅባቸው ነበር። ሲኒማ ግን ገና ሲወለድ መንገደኛ ሆነ። የሉሚዬር ወንድማማቾች በዲሴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪስ ከተማ ለሕዝብ ያሳዩት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሁለት ዓመት ሳይሞላው ቦምቤይና ኦሳካ ደርሷል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፥ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ያን ጊዜ ፊልም ድምፅ ስላልነበረው ቋንቋ አያግደውም ነበር፤ በትርኢቱ መካከል የሚገባውን አጭር ጽሑፍ ቈርጦ በሌላ ቋንቋ መተካት ይበቃ ነበር። በ1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው የአሜሪካ ፊልም የተዋናዩን ንግግርና ዘፈን ባሰማ ጊዜ ግን በየአገሩ መካከል የቋንቋ ግንብ ተሠራ። ፓራማውንት የተባለው ኩባንያ ይህን ግንብ በገንዘብ ኀይል ለመዝለል አሰበ። ከ1930 ጀምሮ በፓሪስ አጠገብ በምትገኘው በዧንቪል አንዱን ድርሰት በዚያው አዳራሽ፥ ተዋናዮቹን ብቻ እየለዋወጠ፥ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ያሠራ ጀመር። ነገሩ ለሁሉ በአንድ ልክ እንደ ተሰፋ ልብስ ሆነና ከጥቂት ዓመታት በላይ አልዘለቀም። በስተኋላ ትርጕሙን በሥዕሉ ግርጌ መጻፍ ወይም የተዋናዮቹን ድምፅ በሌላ ቋንቋ መተካት የተለመደ ሆነ።

መሣሪያው ከተገኘና የትርጕሙ ዘዴ ከተዘጋጀ ዘንድ፥ ስሙ ያልታወቀ አንድ ደራሲ የጻፈው ነገር ባሕር ተሻግሮ ሊወደድ የሚችለው በምን ምክንያት ነው? ለዚህ ጥያቄ የጃፓኑ የፊልም ደራሲ የሺኖቡ ሐሺሞቶ ታሪክ መልካም መልስ ይሰጠናል። ጃፓን ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አገር አይደለችም፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 መልእክተኛ ሆነው ሄደው ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው ለወገኖቻቸው አስታውቀዋል።

ሐሺሞቶ የተወለደው በ1918 ነው። በ1938 ወታደር ሆኖ ገባ፤ ነገር ግን የሳምባ ነቀርሳ ስላገኘው አራት ዓመት ያህል በሕሙማን መጠለያ ተኛ። በዚያ ሳለ አብሮት የታመመ ሰው አንድ የሲኒማ መጽሔት ሰጠው። በመጽሔቱ የታተመውን የፊልም ድርሰት አንብቦ «ይህን ያህልማ እኔም እጽፋለሁ» ብሎ ተነሣ፤ የጻፈውንም ማንሳኩ ኢታሚ ለተባለው ስመ ጥር ደራሲና አዘጋጅ ላከ። ኢታሚ ጽሑፉን መርምሮ ስለ መለሰለት ሐሺሞቶ ደቀ መዝሙሩ ሆነ። ከሕመሙ ካገገመም በኋላ የኩባንያ ሠራተኛ ሆኖ እየዋለ በትርፍ ጊዜው ይጽፍ ነበር።

መምህሩ በ1946 ከሞተ በኋላ ሐሺሞቶ ከአኩታጋዋ አጭር ልብ ወለድ ያወጣው ድርሰት በታላቁ አዘጋጅ በአኪራ ኩሮሳዋ እጅ ገባ። ኩሮሳዋ ድርሰቱ አጭር ነው ስላለ የዚያው የአኩታጋዋ ሌላ ታሪክ ተጨምሮበት «ራሾሞን» የተባለው ፊልም በ1950 ወጣ። ፊልሙ ወደ ቬኒስ የተላከው በቶኪዮ ታስተምር የነበረች ጁሊያና ስትራሚጆሊ የተባለች ኢጣሊያዊት ስለ ደገፈችው ነው። በ1951 የወርቅ አንበሳ ሽልማት አገኘ፤ ምዕራባውያንም የጃፓንን ሲኒማ ያን ጊዜ አወቁ።

የሐሺሞቶን አሠራር የሚያስረዳ አንድ ነገር አለ። ከኩሮሳዋ ጋር የአንድ ሳሙራይን የአንድ ቀን ውሎ ለመጻፍ ተነሥተው ነበር። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሳሙራይ ምሳውን እንዴት ይበላ እንደ ነበር አጥብቀው ቢፈልጉ ርግጡን ማግኘት ስላቃታቸው ሥራውን ተዉት። የምሳ ነገር ለሌላው ሰው ጥቃቅን መስሎ ይታያል፤ ለእነርሱ ግን የአገራቸውን ኑሮ ሳያውቁ መጻፍ ውሸት ነበር። ከዚያ በኋላ ከሂዴዎ ኦጉኒ ጋር ሆነው የጻፉት «ሰባቱ ሳሙራይ» በ1954 ወጣ፤ አሜሪካኖችም በ1960 «ዘ ማግኒፊሰንት ሴቨን» ብለው በራሳቸው አገር መልክ ሠሩት። እንደዚሁም በ1952 የወጣው «ኢኪሩ»፥ ሞቱ እንደ ቀረበ ዐውቆ ለልጆች መጫወቻ ስፍራ ለማሠራት የሚደክመውን የማዘጋጃ ቤት ሹም ታሪክ የሚናገረው፥ ሰባ ዓመት ቈይቶ በ2022 ካዙኦ ኢሺጉሮ ወደ ለንደን አዛውሮ ጽፎታል። ዶሴ በጠረጴዛው ላይ የሚከመርበት ሹም በየአገሩ ስላለ፥ የቶኪዮው ሹም ለለንደንም ሰው አልጠፋበትም።

ይሁን እንጂ ታሪክ ሲሻገር ዋጋው ሁልጊዜ አብሮ አይሻገርም። ኩሮሳዋና ኪኩሺማ የጻፉትን፥ በ1961 የወጣውን «ዮጂምቦ»ን፥ ኢጣሊያዊው ሰርጆ ሌዎኔ ሳያስፈቅድ «አንድ እፍኝ ዶላር» በተባለው የ1964 ፊልሙ ተከተለው። ጃፓኖቹ ተሟገቱ፤ በስምምነትም ከዓለም አቀፉ ገቢ 15 በመቶ ተወሰነላቸው። መብታቸው የታወቀው ድርሰቱ በስማቸው ተጽፎ ስለ ነበረ ነው።

በዘመናችን ደግሞ ፊልምና ቴሌቪዥን በኢንተርኔት አማካይነት በአንድ ቀን በብዙ አገሮች ይታያሉ። ኮሪያዊው ሁዋንግ ዶንግ ህዩክ በ2009 አካባቢ የጻፈውን «ስኩዊድ ጌም» የአገሩ ገንዘብ አውጪዎች ለዓመታት አንቀበልም ብለውት ነበር፤ በ2021 በኔትፍሊክስ በወጣ ጊዜ ግን በዓለም ሁሉ ታየ። እርሱ ግን የተከፈለው በመጀመሪያው ውል መሠረት እንደ ሆነ ራሱ ተናግሯል። በሩ ሰፍቷል ማለት ነው፤ በበሩ የሚገባ ደራሲ ግን ውሉን አንብቦ መግባት አለበት።

ይህ ትምህርት ለእኛም ቅርብ ነው። ጎንደር ተወልደው በአሜሪካ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በተባለው ፊልማቸው፥ ተምሮ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰውን የአንበርብርን ሕይወት ገልጸው በ2008 በዚያው «ራሾሞን» በተሸለመበት በቬኒስ የድርሰት ሽልማት ተቀበሉ። አዳኞቹ ለማግኘት የደከሙትን ዕውቅና ያገኙት የባዕድ አገር ኑሮ በመቅዳት ሳይሆን የራሳቸውን ወገን ጭንቀት በማወቅ ነው።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ብዕር የያዙ ወጣቶች ሁለት ነገር እንዲያስቡ ይገባል። አንደኛው፥ የሚጽፉለትን ሕዝብ ኑሮ እስከ ምሳው ድረስ መርምሮ ማወቅ ነው። ሁለተኛው፥ ድካማቸውን በሕግ መጠበቅ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቍጥር 410/1996 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቈጣጠር) ወጥ የሆነን ሥራ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ ከተቀረጸበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቀዋል፤ በአሳብ ብቻ የቀረውን ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ታሪኩን በቃል ከማውራት በፊት መጻፍ፥ ውል ሲቀርብም የትኛው መብት፥ ለስንት ዓመት፥ ለየትኛው አገር እንደሚተላለፍና ፊልሙ በሌላ ቋንቋ እንደ ገና ቢሠራ ለደራሲው ምን እንደሚደርሰው ጠይቆ መፈረም ያስፈልጋል። የአገሩን ታሪክ አሳምሮ የጻፈ ወጣት የድካሙ ባለቤትም ሆኖ መገኘት ይገባዋል።