የሚቆራረጥ የመኖሪያ ቤት ኢንተርኔት፦ ለጥገና ከማመልከት በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ጨርሶ የጠፋ የኢንተርኔት መስመር ብልሽቱ በቀላሉ ይታወቃል። አስቸጋሪው ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ የሚቋረጠውና ተመልሶ የሚመጣው ነው፤ ባለሙያ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይገኛልና። የእስቴ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በመካነ ኢየሱስ ከተማ የሚኖር ተገልጋይ የፓስፖርት ማመልከቻ በመሙላት ላይ ሳለ መስመሩ ቢቋረጥ፣ ክፍያው ተቆርጦ ማረጋገጫው ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል። በዚህ ጊዜ ዳግም ከመክፈል አስቀድሞ የሂሳቡን እንቅስቃሴ መመልከት ይገባል።

የመጀመሪያው ተግባር የተቋረጠው ዋይፋዩ ወይስ ወደ ቤት የሚገባው መስመር መሆኑን መለየት ነው። ከራውተሩ አጠገብ ሲቆም የማይቋረጥ፣ ራቅ ሲባል ግን የሚቋረጥ ከሆነ ችግሩ የዋይፋዩ ነው። የቆርቆሮ ግድግዳና ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግንብ ሞገዱን ያዳክማሉ። ራውተሩን ከወለል ከፍ አድርጎ በቤቱ መካከል ማስቀመጥ፣ ከቴሌቪዥን ጀርባና ከብረት ቁም ሣጥን ማራቅ ይረዳል። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ የማለፍ አቅሙ ከ2.4 ጊጋኸርዝ ያነሰ ነው።

በራውተሩ ላይ ያሉት መብራቶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፍተው እንደገና የሚበሩ ከሆነ መመርመር ያለበት የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው። ኃይል ለቅጽበት ሲዋዥቅ አምፖል ደብዘዝ ብሎ ያልፋል፤ ራውተር ግን ይጠፋና እንደገና ተነሥቶ ለመገናኘት ደቂቃዎች ይወስድበታል። ስለዚህ «ኔትወርክ ጠፋ» ከሚባለው ውስጥ ከፊሉ የመብራት እንጂ የኔትወርክ ጉዳይ አይደለም። የላላ ማከፋፈያና ያረጀ ቻርጀርም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያሉ። ቻርጀሩ ሲቀየር በራውተሩ ላይ ከተጻፈው ቮልቴጅ ጋር እኩል መሆን አለበት፣ አምፔሩም ማነስ የለበትም። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር የኤሌክትሪኩን ብቻ ሳይሆን የመዳብ ስልክ መስመሩንም መንቀል ያስፈልጋል፤ የመብረቅ ኃይል በሁለቱም ይገባል።

በመዳብ መስመር የሚጠቀሙ ደንበኞች የስልኩን ድምፅ ያዳምጡ። ጩኸት ካለው፣ ወይም ዝናብ ሲዘንብ መቆራረጡ የሚብስ ከሆነ፣ በመጋጠሚያ ላይ እርጥበት ገብቶ ሊሆን ይችላል። ስልክ ሲደወል የሚቋረጥ ከሆነ ማጣሪያው ይፈተሽ። በፋይበር መስመር ቀይ መብራት ብርሃን አለመድረሱን ያመለክታል፤ ገመዱን ማጠፍም ሆነ ጫፉን በዓይን መመልከት አይፈቀድም።

በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ተራራማ በሆነ አካባቢ ከአንድ መስኮት ወደ ሌላው ሲዛወር ብቻ ሊሻሻል ይችላል። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ቀሪ ጥቅላቸውን በ*804# አስቀድመው ያረጋግጡ።

በቀጭን መርፌ የሚጫነውን የማደሻ ቁልፍ ባለሙያ ሳያዝ መንካት አይመከርም። የመስመሩን መለያ ስምና የይለፍ ቃል ስለሚሰርዝ የሚቆራረጠው መስመር ጨርሶ ሊቆም ይችላል።

ብልሽቱ ከቤት ውጭ መሆኑ ሲታወቅ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994፣ የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደንበኞች በ700 ያመለክታሉ። የሁለት ሦስት ቀን መቆራረጥ ሰዓቱን፣ የቆይታውን ርዝመትና የመብራቶቹን ሁኔታ ጽፎ ማቅረብ «ኢንተርኔት አይሠራም» ከማለት እጅግ ይሻላል። የአቤቱታውን ቁጥር መያዝ ያስፈልጋል፤ አገልግሎት ሰጪው መፍትሔ ካልሰጠ ጉዳዩ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሊቀርብ ይችላል።