አዙሪት፤ ከእረኛ ሽቦ እስከ ስሪዲ ፕሪንተር

በግ ሲዞር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደጋ ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል፡፡ በጓ ከመንጋው ትነጠላለች፣ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች፣ ከዚያ በአንድ አቅጣጫ ስትሽከረከር ትውላለች፡፡ ሣሩ እፊቷ እያለ ትከሳለች፡፡ ገበሬው "አዙሪት ይዟታል" ይላል፡፡ ብዙ ጊዜ ቀጥሎ የሚፈለገው ቢላዋ ነው፡፡

የዛሬው ወጋችን ስለዚህች በግ ጭንቅላት ነው፡፡ ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ግን በግ ሳትሆን ውሻ ናት፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 ፓችስ የምትባል የ9 ዓመት ዳክስሁንድ የራስ ቅሏ ላይ ትልቅ ዕጢ ወጣባት፡፡ በጌልፍ ዩኒቨርሲቲ የኦንታሪዮ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የምትሠራው ዶክተር ሚሼል ኦብላክ የውሻዋን ራስ በሲቲ ስካን አስነሥታ፣ ዕጢው በኮምፒውተር ላይ "ከተቆረጠ" በኋላ የሚቀረውን ቀዳዳ ለክታ፣ ልኩን የሚገጥም የቲታኒየም ክዳን በስሪዲ ፕሪንተር እንዲታተም አደረገች፡፡ ዕጢው ወጣ፣ ክዳኑ ገጠመ፣ ውሻዋ ተነሥታ ሄደች፡፡

ያን ዜና ያነበበ ሰው እንደኔ "ይሄ ነገር አሶሳ ቢደርስስ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም፡፡ አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፡፡ እኛ የአዲስ አበባ ልጆች ስለ ቴክኖሎጂ ስንጨዋወት እምብዛም የማናነሣት ከተማ ናት፡፡ መልሱን ለማግኘት ግን በመጀመሪያ ጥቂት ሺህ ዓመታት ወደ ኋላ እንሂድ፡፡

የላሚቱ ቀዳዳ

ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ሻን ዱራን በሚባል ቦታ ከ5 ሺህ ዓመት በፊት የሞተች ላም የራስ ቅል ተገኝቷል፡፡ አጥንቱ ላይ በድንጋይ መሣሪያ ተፍቆ የተከፈተ ቀዳዳ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 ጥናቱን ያወጡት ተመራማሪዎች ሁለት ግምት አስቀመጡ፤ ወይ ላሚቱን ለማከም የተደረገ ነው፣ ወይ ደግሞ ሰው ላይ ከመሥራታቸው በፊት እጃቸውን ያፍታቱባት ነበር፡፡ በአጥንቱ ላይ የመዳን ምልክት የለም፡፡ ስለዚህ ወይ በዚያው ሞታለች፣ ወይ ቀድሞውንም ሞታ ነበር፡፡

አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፡፡ ራስ ቅል መብሳት ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥትና ስለት ይበቃል፡፡ ከባዱ "የቱ ጋ ልብሳ?" የሚለው ነው፡፡

የእረኛው ካርታ

ለዚህ ጥያቄ ከሐኪም ቀድመው መልስ የፈለጉት እረኞች ናቸው፡፡ ጀምስ ሆግ የሚባል ስኮትላንዳዊ እረኛ ነበር፤ በኋላ ታዋቂ ገጣሚና ደራሲ ሆኗል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1807 ባሳተመው የእረኞች መመሪያ ውስጥ አዙሪት የያዛትን በግ በአፍንጫዋ በኩል ቀጭን ሽቦ ወደ ጭንቅላቷ ሰዶ ውሃ የቋጠረውን ከረጢት ስለማፍረጥ ጽፏል፡፡ ስታነቡት ይዘገንናል፡፡ ግን ሰውየው ቂል አልነበረም፤ የተወሰኑትን አድኗል፡፡

እረኛ ምስል የለው፣ መሣሪያ የለው፣ ምልክት ግን ያነባል፡፡ በጓ አዘውትራ የምትዞረው ከረጢቱ ወዳለበት ጎን ነው፡፡ የምትታወረው ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው በኩል ያለው ዓይን ነው፡፡ በሽታው ከቆየ ደግሞ አንዳንዴ ከከረጢቱ በላይ ያለው አጥንት ይሳሳና በጣት ሲጫኑት ይረግባል፡፡ ይህ ሁሉ ካርታ ነው፡፡ ሻካራ ነው እንጂ ካርታ ነው፡፡

ከረጢቱ ምን እንደሆነ የታወቀው በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው፡፡ ጀርመናዊው ሐኪም ፍሪድሪክ ኩኸንማይስተር ከበግ አንጎል የወጣውን ከረጢት ለውሻ አበላ፡፡ ውሻው አንጀት ውስጥ የኮሶ ትል ሆኖ አደገ፡፡ ጥሬ ሥጋ የምንወድ ሰዎች በደንብ የምናውቀው ኮሶ ዘመድ መሆኑ ነው፡፡ ዙሩ እንዲህ ነው፤ ውሻ እንቁላሉን ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣር ላይ ይጥላል፣ በግ ትግጠዋለች፣ ትሉ አንጎሏ ደርሶ ከረጢት ይሆናል፣ በጓ ትታረዳለች፣ ጭንቅላቷ ለውሻ ይጣላል፡፡ አዙሪት ማለት ይሄ ነው፤ በጓ ብቻ ሳትሆን በሽታውም ይዞራል፡፡

ልክ መውሰድ

እ.ኤ.አ. በ1908 ሁለት እንግሊዛውያን፣ ቪክተር ሆርስሊና ሮበርት ክላርክ፣ የእንስሳን ራስ አጥብቆ ይዞ መርፌን በልኬት ወደ አንጎል የሚመራ የብረት ማዕቀፍ አስተዋወቁ፡፡ ሙከራው በእንስሳት ላይ ነበር፡፡ ሐሳቡ ተሻሽሎ ለሰው ሕክምና የዋለው በ1947 ፊላደልፊያ ውስጥ በሽፒገልና ዋይሲስ እጅ ነው፡፡ በ1971 የሰው አንጎል ለመጀመሪያ ጊዜ ለንደን ውስጥ በሲቲ ስካን ተነሣ፡፡ በ1984 ቻክ ሃል ዛሬ ስሪዲ ፕሪንተር የምንለውን የፈጠራ መብት ጠየቀበት፡፡

የእንስሳት ሐኪሞች እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ገጣጠሟቸው፡፡ ችግራቸው ምን ነበር? የሰው ጭንቅላት ይብዛም ይነስም ይመሳሰላል፤ የውሻ ግን የፊቱ ጠፍጣፋም አለ፣ አፍንጫው ክንድ የሚያህልም አለ፡፡ አንድ ማዕቀፍ ለሁሉም አይሆንም፡፡ ስለዚህ እንደ ልብስ ሰፊ ልክ መውሰድ ጀመሩ፡፡ ውሻው በሲቲ ወይም በኤምአርአይ ይነሣል፡፡ ዕጢው የት እንዳለ፣ መርፌው በየት ቢገባ ወሳኝ የደም ሥር እንደማይነካ በኮምፒውተር ይወሰናል፡፡ ከዚያ የዚያን ውሻ አጥንት ብቻ እንደ ጭምብል የሚገጥም፣ በተመረጠው አቅጣጫ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ መሪ ይታተማል፡፡ ከጀርም ይጸዳና በቀዶ ጥገናው ሰዓት አጥንቱ ላይ ይቀመጣል፤ መርፌው ከቀዳዳው ውጭ መሄጃ የለውም፡፡ የእረኛው ጣት ይሠራ የነበረውን ሥራ በሚሊሜትር ልክ መሥራት ማለት ነው፡፡

ልብ በሉ፤ ፕሪንተሩ ራሱ የሚያውቀው ነገር የለም፡፡ ምስሉ የነገረውን ይደግማል፡፡ ምስል ከሌለ መሪ የለም፡፡

ወደ አሶሳ ስንመለስ

የአሶሳ የእንስሳት ሐኪም የዕለት ተዕለት መሣሪያ ማይክሮስኮፕ ነው፡፡ የክልሉ ትልቁ ጠላት አዙሪት ሳይሆን ገንዲ ነዋ፡፡ በአባይ፣ በዳቡስና በዴዴሳ ሸለቆዎች የምትኖረው የገንዲ ዝንብ ከብቱን ነክሳ ደሙ ውስጥ ጥገኛ ተዋስያን ታስገባለች፤ በሬው ይከሳል፣ ደም ያንሰዋል፣ ሞፈር መጎተት ያቅተዋል፡፡

ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ደርግ ከወሎና ከሌሎች የተጎዱ አካባቢዎች ብዙ ሺህ ሰው ወደ አሶሳና ወደ መተከል አሰፈረ፡፡ ብዙዎቹ በበሬ የሚያርሱ ገበሬዎች ነበሩ፤ የገቡት ደግሞ በሬ ወደማይበረክትበት አገር ነው፡፡ መተከል ውስጥ፣ ጉሙዞች ይኖሩበት በነበረው መሬት ላይ፣ የጣና በለስ ፕሮጀክት በጣሊያን ገንዘብ ትራክተር አሰለፈ፡፡ ደርግ ወደቀ፣ ፕሮጀክቱም ፈረሰ፤ ዝንቧ ግን አልሄደችም፡፡ በኋላ ያዋጣው የተሻለ ዘዴ ምን ነበር ብትሉ፣ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ! ዝንቧ እነዚህን ቀለሞች ትወዳለች፤ ጨርቁ ፀረ ተባይ ተነክሮ ሲሰቀል መጥታ ታርፍበትና ትሞታለች፡፡

ይህን የማነሣው ማሽን ለመናቅ አይደለም፡፡ ያኔ የገባው ትራክተር መለዋወጫና ነዳጅ የሚያቀርብ ሲያጣ ቆመ፡፡ ነገ አሶሳ የሚገባ ፕሪንተርም ምስል የሚያነሣ፣ የሚያነብ፣ ማደንዘዣ የሚሰጥ ሰው ከኋላው ከሌለ ዕጣው ያው ነው፡፡ ለአንዲት በግ ሲባል ሲቲ ስካን ማስነሣት ደግሞ ከበጓ ዋጋ በላይ ነው፡፡ ፓችስን ያዳናት ፕላስቲኩና ቲታኒየሙ ብቻ ሳይሆን ከጀርባ የነበረው ሰንሰለት ሁሉ ነው፡፡ እኛ ብዙ ጊዜ የሰንሰለቱን የመጨረሻ ቀለበት ገዝተን ፎቶ እንነሣበታለን፡፡

ፕሪንተር ያለው ወጣት እስከዚያው ሥራ አያጣም፡፡ የበግ የራስ ቅል ቅጂ አትሞ ለተማሪ ማሳየት፣ የት እንደሚበሳ ማለማመድ ይቻላል፤ ለዚህ በሽተኛ በግ አያስፈልግም፡፡ ቢያንስ እንደ ሻን ዱራኗ ላም መለማመጃ የምትሆን ነፍስ አትኖርም፡፡

አዙሪትን በተመለከተ ግን ትልቁ ቀዶ ጥገና በእጃችን ነው፡፡ ለፋሲካም ሆነ ለአረፋ በግ ስናርድ ጭንቅላቷን የት ነው የምንጥለው? አጥር ሥር፣ ለሰፈር ውሻ፡፡ ከረጢት ካለባት የሚቀጥለውን ዙር የጀመርነው እኛው ነን፤ አልፎ አልፎም ቢሆን ትሉ የሰውን አንጎል እንደማይምር አትርሱ፡፡ ጭንቅላቱን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ውሻንም በየጊዜው የትል መድኃኒት መስጠት በቂ ነው፡፡ ሲቲ ስካን አይጠይቅም፤ አካፋ ይበቃል፡፡