የክኖፕ ደንብ ያልደረሰበት ስብ

የሰው አካል ስብን እንዴት እንደሚሰባብር የታወቀው ከውሻ ሽንት ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ጀርመናዊው ሊቅ ፍራንስ ክኖፕ በ1904 ዓ.ም. (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ባወጣው ጥናት፣ አካል ሊያፈርሰው የማይችለውን የቤንዚን ቀለበት በስብ አሲዶች ጫፍ ላይ እንደ ምልክት አሥሮ ለውሾች አበላ። የካርቦኑ ቍጥር ለሁለት እኩል የማይከፈለው ሰንሰለት መጨረሻው ቤንዞይክ አሲድ፣ የሚከፈለው ግን ፌኒል አሴቲክ አሲድ ሆነ። ከዚህም ሰንሰለቱ ሁለት ሁለት ካርቦን እየተቈረጠለት እንደሚያጥር፣ ሥራውም የሚጀመረው ከአሲዱ ራስ ሦስተኛ በሆነው፣ ቤታ በሚባለው ካርቦን ላይ እንደ ሆነ ተረዳ። ራዲዮአክቲቭ ምልክት ባልነበረበት ዘመን ይህን ያህል መድረሱ ያስደንቃል።

ኖርዌያዊው የነርቭ ሐኪም ሲግቫልድ ሬፍሱም ግን ስለ ስብ አልነበረም የሚያስበው። በ1946 ባሳተመው ሥራ በሁለት ቤተሰቦች ያገኛቸውን አምስት ሕመምተኞች ገለጸ። በጨለማ ማየት ይሳናቸዋል፤ እጅና እግራቸው ይዝላል፤ ሲራመዱ ይንገዳገዳሉ። ሕመሙ በዘር የሚተላለፍ መሆኑን አስረዳ፤ የሰጠው ረጅም ስም ግን ነርቭን እንጂ ስብን አያነሣም።

በ1963 ክሌንክና ካልኬ የተባሉ ጀርመናውያን በዚህ ሕመም ከሞተ ሰው ጉበትና ኩላሊት ውስጥ እጅግ ብዙ ፊታኒክ አሲድ አገኙ። የነገሩ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው። በዚህ አሲድ ቤታ ካርቦን ላይ ሜቲል የተባለ ቅርንጫፍ ስለ ተቀመጠ የክኖፕ መንገድ ዝግ ነው። ጤነኛ አካል አስቀድሞ ከራሱ በኩል አንድ ካርቦን ይነቅልና መንገዱን ይከፍታል፤ ሕመምተኞቹ የጐደላቸው ይህን ሥራ የሚያስጀምረው ኤንዛይም ነው። ጂኑ የታወቀው በ1997 ነው። እንደ እኔ አስተያየት፣ ይህ ሕመም የክኖፕን ደንብ አላፈረሰም፤ ወሰኑን አሳየ እንጂ።

ፊታኒክ አሲድን የሰው አካል አይሠራውም፤ ከምግብ ይመጣል። ላም ሣር ስትበላ በሆድዋ ያሉት ባክቴሪያዎች ከክሎሮፊል ፊቶል የተባለውን ክፍል ይለያሉ፤ እርሱም ተለውጦ በቅቤውና በሥጋው ስብ ውስጥ ይገባል። እኛ ጐመን በልተን ይህን ማድረግ አይሆንልንም። ስለዚህ በ1966 የኖርዌይ ሐኪሞች ምግብን በመምረጥ በደም ውስጥ ያለውን መጠን ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል አሳዩ። በዚህ አመጋገብ የነርቩ ድካም ሊሻሻል ይችላል፤ የጠፋ የዓይን ብርሃን ግን እምብዛም አይመለስም። ሕመምተኛው በችኰላ ከከሳም በስቡ ውስጥ የተከማቸው አሲድ ወደ ደሙ ይፈልስና ይብስበታል፤ ስለዚህ ሐኪሙ ቅቤውን ሲከለክለው ሌላውን ምግብ ጠግቦ እንዲበላ ያዘዋል።