በፎቶግራፍ ላይ የሚጨመር ዲጂታል ብርሃን

በማስተካከያ ሶፍትዌር በፎቶግራፍ ላይ ብርሃን መጨመር ከጨለማ ክፍል ሥራ የተወረሰ ጥበብ ነው። የቀድሞ ባለሙያዎች የህትመት ወረቀቱን ከመብራት በእጅ እየከለሉ አንዱን ክፍል ያፈኩ፣ ሌላውን ያጠቁሩ ነበር።

አዶቤ ኩባንያ እ.ኤ.አ በ1990 ለገበያ ያቀረበው ፎቶሾፕ ይህንኑ ተግባር ወደ ኮምፒውተር አሸጋግሮታል። በጥቁር መደብ ላይ የተዘጋጀ የብርሃን ምስል በተለየ ሌየር ተቀምጦ «ስክሪን» በተባለው ስልት ሲደረብ ጥቁሩ ይጠፋና ብርሃኑ ብቻ ይቀራል። «ሌንስ ፍሌር» የተሰኘው ደግሞ ጠንካራ ብርሃን በሌንስ መስታወቶች መካከል ሲንጸባረቅ የሚፈጠረውን ክብ ያስመስላል። ፎቶግራፍ አንሺዎች ሊያስወግዱት ሲደክሙ የኖሩት ጉድለት ሆን ተብሎ መጨመሩ ያስገርማል። የተጨመረው ብርሃን ከጥላው አቅጣጫ ጋር ካልተስማማ ሐሰትነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ለበዓል ካርድና ለማስታወቂያ ፖስተር ይህ ችግር የለውም። ጉዳዩ የሚከብደው ለዜናና ለሰነድ በሚያገለግል ምስል ላይ ነው። የአሜሪካው ታይም መጽሔት በሰኔ 1994 እ.ኤ.አ ፖሊስ ያነሳውን የኦ.ጄ. ሲምፕሰን ፎቶግራፍ አጥቁሮ በሽፋኑ ሲያወጣ፣ ኒውስዊክ ያንኑ ምስል ሳይለውጥ አትሟል። ሁለቱ ጎን ለጎን በመሸጣቸው ልዩነቱ ገሃድ ወጣ፤ ታይምም ጥቁሩን ተጠርጣሪ አስፈሪ አስመስሏል በሚል ብርቱ ነቀፌታ ደረሰበት። የተለወጠው በዋናነት ብርሃኑ ነበር።

የህዝብ ግንኙነት ክፍሎችም ዋናውን ፋይል ሳይነኩ በማህደር ማስቀመጥ፣ ለውጡን በቅጂ ላይ ማከናወንና «በኮምፒውተር የተቀናበረ» የሚል መግለጫ ከምስሉ ሥር ማስፈር ይኖርባቸዋል። ጄፔግ ፋይል ሌየሮችን ለይቶ ስለማያስቀምጥ የሥራ ቅጂው በፒኤስዲ ቢያዝ ይመረጣል።