አሸዋና የጠመንጃ አፈሙዝ

አንባቢ ሆይ፤ በቤተ መዘክር የተቀመጠ አሮጌ ጠመንጃ ሲመለከቱ ዓይንዎን የሚስበው የሰደፉ ጌጥ ይሆናል። ነገር ግን ያ አፈሙዝ እንደ ወረቀት ከተጠቀለለ ጠፍጣፋ ብረት የተሠራ መሆኑን፣ የተኳሹም ሕይወት በአንዲት መጋጠሚያ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ነበረ ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው።

ባለ እጁ ብረቱን አግሎ በዘንግ ዙሪያ ይጠቀልልና ጠርዙን ከጠርዙ ያገናኛል። ከዚያም በየተራው ጥቂት ጣት ያህሉን ብቻ፣ በወናፍ እያናፋ ነጭ እስኪሆን ድረስ ያግለውና ፈጥኖ በመዶሻ ይመታዋል። ታዲያ የጋለ ብረት አየር ሲነካው ወዲያው ቅርፊት ያበጃል። ቅርፊቱ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ከቀረ፣ አፈሙዙ የተጋጠመ መስሎ ሳይጋጠም ይቀራል። ከውጭም አይታወቅም።

መድኃኒቱ ተራ አሸዋ ነበረ! ንጹሕ አሸዋ በጋለው ብረት ላይ ሲነሰነስ ከቅርፊቱ ጋር ተዋሕዶ እንደ ቀለጠ ብርጭቆ ይሆናል። ቅርፊቱ ብቻውን ለመቅለጥ ከ1,350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሻ፣ ከአሸዋ ጋር ሲሆን ግን በ1,200 ዲግሪ ገደማ ይፈሳል፤ መዶሻው ሲያርፍበትም ከመጋጠሚያው ተፈናጥሮ ይወጣል። አረብ ብረት ግን ይህን ያህል ሙቀት ስለማይችል፣ በ740 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጠው ቦራክስ ይመረጥለታል። የዱሮው ቅጥቅጥ ብረት የራሱን አር በውስጡ ስለሚይዝ በመጋጠም ጊዜ ራሱን በራሱ ያግዝ ነበር። ሆኖም ያው ረዳቱ አር ተጨምቆ ሳይወጣ ከቀረ ጠላት ይሆናል።

ጥፋቱ የሚገለጠው በፈተና ነው። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የጠመንጃ መፈተኛ ቤት በ1813 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሕግ ተቋቁሟል። በአሜሪካ፣ በስፕሪንግፊልድ በነበረው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካም እያንዳንዱ አፈሙዝ ከወትሮው የበዛ ባሩድ ጎርሶ ይተኮስ ነበር። የፈነዳ እንደ ሆነ ስብራቱ ይመረመራል፤ ጉድለቱ የመጋጠሚያው ሆኖ ሲገኝ ኪሣራው ከበያጁ ሒሳብ ላይ ይቀነሳል። የወር ደመወዝተኛ የሆነ አንባቢ የዚህን ቅጣት ክብደት ከማንም ይልቅ ይረዳዋል።

በ1858 ገደማ ብረቱን በሚሽከረከሩ ሁለት ጎድጓዳ ብረቶች መካከል እያሳለፈ የሚያጋጥም መኪና ከእንግሊዝ ወደ ስፕሪንግፊልድ ተወሰደ፤ የመዶሻውም ሥራ ቀረ። ቈይቶም አፈሙዝ ከወጥ አረብ ብረት እየተቦረቦረ ይሠራ ጀመር፤ የሚጋጠም ጠርዝም፣ የሚነሰነስ አሸዋም አላስፈለገም።