ከካርኒ እስከ ደብተር

ስለ ሕክምና ውድነት ሲነሳ ሁላችንም የምንደምረው ያንኑ ሒሳብ ነው፤ ለካርድ ይህን ያህል፣ ለላብራቶሪ ይህን ያህል፣ ለራጅ ይህን ያህል፣ ለመድኃኒት ደግሞ ኪስ የቻለውን ያህል። የከተማ ሰዎች ነንና ሒሳቡ የሚጀምርልን ከካርድ ክፍሉ መስኮት ነው። ከጊኒር ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ ለሚነሳ ሰው ግን ሒሳቡ ከቤቱ ደጃፍ ይጀምራል። ቃሬዛ የሚሸከሙ ጎረቤቶችን ሥራ ማስፈታት አለ። መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ መኪና መጠበቅ አለ። ጊኒር ደርሶ፣ ተመርምሮ፣ «ይሄ ከእኛ አቅም በላይ ነው፤ ጎባ ሂዱ» መባልም አለ። ከጊኒር ጎባ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጎባም ካልሆነ ቀጣዩ አዲስ አበባ ነው፤ እሱ ደግሞ አራት መቶ ኪሎ ሜትርን ያልፋል። በሽተኛ ብቻውን አይሄድም፤ አስታማሚ ይከተለዋል። አስታማሚ ይበላል፣ ያድራል፣ ሥራ ይፈታል። እናም በሬው የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ገና አንድ መርፌ እንኳ ሳይወጉ ነው።

ይህ የዛሬ ችግር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዜና ሰዎች ትቼው ባለፍኩ። ግን ታሪክ አለው። ባሌ ውስጥ መንግሥትና በሽተኛ የተገናኙባቸውን ዘመናት ብንቆጥር፣ በየዘመኑ በበሽተኛው እጅ አንድ ወረቀት እናገኛለን። ወረቀቱ ስሙን እየለወጠ ይመጣል። መንገዱ ግን ያው መንገድ ነው፤ ሒሳብ ውስጥ ያስገባው መንግሥትም እስካሁን አልታየም።

ጊኒር የትናንት ከተማ አይደለችም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከሶማሌ ምድር፣ ከሉቅ በኩል የሚመጡ ቅፍለቶች የሚደርሱባት ገበያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1894 አሜሪካዊው ዶናልድሰን ስሚዝ በድሬ ሼክ ሁሴን በኩል ወደዚሁ አገር ዘልቆ ነበር። ሰውየው በሙያው ሐኪም ነው፤ የመጣው ግን አገር ሊያስስ ነው። ያን ጊዜ የታመመ የት ይሄድ ነበር? ሙስሊሙ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን፣ ክርስቲያኑ ወደ ጠበል፣ አጥንቱ የተሰበረ ወደ ወጌሻ፣ የቀረው ሥርና ቅጠል ወደሚያውቅ ሰው። ድሬ ሼክ ሁሴን በዓመት ሁለት ጊዜ ሕዝብ የሚጎርፍበት ቦታ ነው፤ ተሳላሚው ጫፉ ለሁለት የተከፈለ በትር ይዞ ይመጣል። «ጀዋራ» የሚባለው የቦታው ነጭ አፈር ለፈውስ ይቀመሳል፣ ይቀባል። ክፍያው ስለት ነው። ስለት ደግሞ የሚገባው ከዳኑ በኋላ ነው፤ ያልዳነ አይጠየቅም።

ይህን ስል የድሮውን ዘመን ማወደሴ አይደለም። ፈንጣጣ ሲገባ ጀዋራም ጠበልም አላቆሙትም። ምጥ የጠናባት ሴትም ስለት ተስላ ሞታለች። ሆኖም ቅደም ተከተሉን ልብ ማለት ይገባል፤ መጀመሪያ ፈውስ፣ ቀጥሎ ዕዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሥርዓት ሁሉ ይህን ገልብጦታል።

የመጀመሪያው ወረቀት ካርኒ ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ1940 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ቆመ። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ፣ ወደ ገጠር የሚወጡ ጤና መኮንኖችና ነርሶች ማሠልጠን ጀመረ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ጥሩ ሐሳብ ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1959 የጤና ግብር ታወጀ፤ በመሬት ግብር ላይ ተደርቦ የሚከፈል ግብር ነው። ከዚያ በፊት የትምህርት ግብር በዚሁ ዓይነት ተደርቧል። ባሌ እ.ኤ.አ. በ1960 ከሐረርጌ ተለይታ ጠቅላይ ግዛት ስትሆን፣ ጊኒር የፋሲል አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የአካባቢው ገበሬ ግብሩን ይከፍላል፣ ካርኒውን ይቀበላል፣ ካርኒውን ከሰነዶቹ ሁሉ አስበልጦ ያስቀምጣል፤ ግብር ያልከፈለ መሬቱን ይነጠቃልና። ገንዘቡ ግን ሐኪም ሆኖ ወደ መንደሩ አልተመለሰም። የአገሪቱ ሐኪሞች አብዛኞቹ አዲስ አበባና አስመራ ነበሩ። ገጠር ደረሰ ቢባል ድሬሰር ነው፤ እሱም በየአውራጃው ከተማ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

በ1955 ዓ.ም. ተቀጣጥሎ እስከ 1962 ዓ.ም. የዘለቀው፣ ከመሪዎቹ አንዱ ዋቆ ጉቱ የነበሩበት የባሌ ገበሬዎች አመፅ መነሻው ብዙ ነው፤ የመሬት ልኬት፣ የግጦሽ ነገር፣ የግብር ክምር፣ የሹማምንት በደል፣ የብሔርና የሃይማኖት ጭቆና። የጤና ግብር ለብቻው ጠመንጃ አስነሳ አልልም። የከፈሉበትን አለማየት ግን በሰው ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። መንግሥት ሊወስድ ሲመጣ መንገዱን ያውቀዋል፣ ሊሰጥ ሲሆን ይጠፋበታል የሚል ትዝብት በአንድ ቀን የሚፈጠር አይደለም።

ታዲያ በዚያችው ባሌ፣ ብዙም ሳይቆይ፣ ሌላ ነገር ታየ። ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1971 ተጀመረ። ክትባት ሰጪዎች መኪና በሚገባበት በመኪና፣ በማይገባበት በበቅሎና በእግር፣ አንዳንዴም በሄሊኮፕተር አገሩን አካለሉት። በመካከሉ አብዮት ፈነዳ፣ ንጉሥ ወረደ፤ ሥራው ግን አልተቋረጠም። የአገሪቱ የመጨረሻ የፈንጣጣ በሽተኛ ነሐሴ 1968 ዓ.ም. በባሌ ቆላ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘች፤ ትንሽ ልጅ ነበረች። ከአንድ ዓመት ጥቂት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1977፣ በተፈጥሮ መንገድ የተላለፈው የዓለም የመጨረሻው ፈንጣጣ ሶማሊያ፣ መርካ ላይ ታየ። ከዚያ በኋላ በሽታው ታሪክ ሆነ።

እስቲ ይህን ከካርኒው ጋር እናስተያየው። እዚያ ገበሬው በየዓመቱ ከፍሎ ሐኪም አላየም። እዚህ ደግሞ አርብቶ አደሩ ምንም ሳይከፍል፣ ወረቀት ሳይጠየቅ፣ ግመሎቹ ካሉበት ድረስ ሕክምናው ሄደለት። አገሩ ያው ባሌ ነው፤ ርቀቱም፣ ሙቀቱም፣ የመንገዱ መጥፋትም ያው ነው። የተለወጠው የሚጓዘው ማን ነው የሚለው ብቻ ነው። በሽተኛው ሳይሆን ሕክምናው ተጓዘ፤ አንድ በሽታም ከምድረ ገጽ ጠፋ።

ወደ ሁለተኛው ወረቀት እንለፍ። ደርግ ገበሬ ማኅበርና ቀበሌ አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1978 አልማ አታ ላይ ዓለም «ጤና ለሁሉም በ2000» ሲል አገራችንም ቃሉን ተቀበለች፤ የገጠር ክሊኒኮች ቁጥርም አደገ። ይህን መካድ ግፍ ነው። መክፈል የማይችል ግን ሐኪም ቤት የሚገባው «የነጻ ሕክምና ወረቀት» ይዞ ነው። ወረቀቱ የሚገኘው ከገበሬ ማኅበሩ ወይም ከቀበሌው ነው። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ላይ ናቸው። ሊቀመንበሩ ሲገኙ ማኅተሙ ያለበት ሳጥን ተቆልፏል። ሳጥኑ ሲከፈት ደግሞ «ድሃ መሆንህን የሚመሰክር ሦስት ሰው አምጣ» ይመጣል። የጎረቤት ሰው ፊት ቆሞ ድህነትን በምስክር ማስመዝገብ ቀላል ነገር አይደለም፤ በባሌ ባላገር ዘንድማ ከሕመሙ የማይተናነስ ነው። ስንቱ አባወራ ወረቀቱን ከመለመን ዝም ብሎ መታመምን መርጧል! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንላለን፤ ድህነቱን የደበቀስ?

ሦስተኛው ወረቀት ደረሰኝ ነው። በ1990 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂን አጸደቀ። ለስሙ አስቸጋሪ ነው፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም ቤቶች ከበሽተኛ የሰበሰቡትን ሳንቲም ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ያስገቡ ነበር። ጓንት ያለቀበት ሆስፒታል ገንዘብ በእጁ እያለፈ ጓንት መግዛት አይችልም። አዲሱ አሠራር «የሰበሰባችሁትን እዚያው ተጠቀሙበት» አለ። ቲቢን፣ ክትባትን፣ ወሊድን የመሳሰሉት ከክፍያ ነጻ እንዲሆኑ፣ ድሃው አስቀድሞ ተለይቶ የነጻ መታወቂያ እንዲሰጠው፣ ወጪውንም መንግሥት እንዲሸፍን ታሰበ። ይህን አሠራር ዝም ብሎ የሚነቅፍ ሰው በፊት የነበረውን ባዶ መደርደሪያ ያላየ ነው። በነጻ የሚታደል ግን የሌለ መድኃኒት ነጻ ሊባል አይችልም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ደረሰኝ ሐኪም ቤቱ ውስጥ የተከፈለውን ብቻ ያውቃል። ሐኪሙ የጻፈው ማዘዣ ተይዞ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ሲኬድ «አለቀ፤ ውጭ ግዙ» የሚባለውን የሚመዘግብ ደረሰኝ የለም። ውጭ ያለው ፋርማሲ ዋጋውን እንደ ገበያው ይጠራል። በአገር ደረጃ ለጤና ከሚወጣው ገንዘብ ወደ ሲሶ የሚጠጋው በቀጥታ ከበሽተኛ ኪስ እንደሚወጣ የመንግሥት ሒሳብ ራሱ ያሳያል። በሬ ሸጦ ጎባ ድረስ ለተጓዘ ሰው ግን ሲሶ የሚባል ነገር ትርጉም የለውም፤ ለእሱ ሙሉው ነው።

በመካከሉ፣ በ1995 ዓ.ም.፣ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። ሴት ልጆች ሠልጥነው፣ ደመወዝ ተቆርጦላቸው፣ ወደየቀበሌያቸው ተመለሱ፤ ቤት ለቤት እየዞሩም አስተማሩ፣ አስከተቡ። የፈንጣጣው ዘመቻ ጥበብ ነው የተመለሰው፤ ጤና ወደ ሰው ይሂድ የሚለው። የሕፃናት ሞት በአገራችን የቀነሰው ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ በተሠራ ተአምር ብቻ አይደለም፤ እነዚህ ልጆች በእግራቸው የረገጡት መንገድ አለበት።

አራተኛው ወረቀት ደብተር ነው፤ የጤና መድህን ደብተር። አዋጅ ቁጥር 690/2002 ለደመወዝተኛው የማኅበራዊ ጤና መድህንን ደነገገ፤ አፈጻጸሙ ግን ለዓመታት ተንጠልጥሎ ቆየ። ለገበሬው የታሰበው ማኅበረሰብ አቀፉ ቀደመ፤ በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። ከኦሮሚያ የገቡት ጊምቢቹ፣ ኩዩ፣ ደደርና ሊሙ ኮሳ ናቸው፤ ባሌ አልነበረችበትም። ኋላ ላይ ግን መላ አገሪቱን ወደ ማዳረስ ሄደ። ሐሳቡ ለእኛ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። እድር የሚያውቅ ሰው መድህን አይጠፋውም፤ ልዩነቱ እድር ባብዛኛው ለቀብር መሆኑ ነው፤ ይሄኛው በሕይወት ሳለን ይደርሳል።

ቋንቋ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልጨምር። መድኃኒትና መድኅን ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው፤ ሁለቱም ማዳን ከሚለው ከግእዙ ግሥ ይወጣሉ። መዳንም ድኅነት ይባላል። ድሃ መሆን ደግሞ ድህነት ነው፤ ሥሩ ሌላ፣ ድምፁ አንድ። በአማርኛ አንደበት ሁለቱን መለየት አይቻልም። የገጠሩ በሽተኛ ኑሮም እንደዚሁ ነው፤ ለድኅነት ወጥቶ በድህነት ይመለሳል። ደብተሩ የመጣው እነዚህን ሁለት ቃላት ሊለያይልን ነበር።

በከፊልም ለያይቷል። ደብተር የያዘ ሰው ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ አይንቀጠቀጥም። መክፈል ለማይችለው መንግሥት ይከፍልለታል። ግን ደግሞ፦ «አዴ፣ ደብተርዎ አልታደሰም እኮ።» «ልጄ፣ እህሉ ገና አልተወቃም፤ ከምኑ ላሳድስ?» «እሱ ከሆነ መጀመሪያ ቀበሌ ይሂዱ።» ደብተሩ ደረጃ በደረጃ ውጡ ይላል፤ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ሪፈራል። ከደረጃው የዘለለ ሰው ከራሱ ኪስ ይከፍላል። ደንቡ ምክንያት አለው፤ ሁሉም ጎባ ቢሄድ ጎባ አይችለውም። ይሁንና በየደረጃው መካከል ያለው ኪሎ ሜትር ደብተሩ ውስጥ የለም። የመኪናው፣ የአስታማሚው እንጀራ፣ የማደሪያው፣ ውጭ የሚገዛው መድኃኒት እንደ ጥንቱ የባለቤቱ ነው። ግማሽ መንገድ የሚያደርስ ድልድይ ደግሞ ወንዝ አያሻግርም።

ጊኒር ዛሬ የምሥራቅ ባሌ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ የራሷ ሆስፒታልም አላት። የፋሲል አውራጃን ዘመን ለሚያስታውስ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ የምለው ብዙ አይደለም። ከጎባ አንድ ስፔሻሊስት በተቆረጠ ቀን ወደ ጊኒር ቢመጣ የሚይዘው አንድ ወንበር ነው። በዚያ ቀን የሚያያቸው ሃያ በሽተኞች ከነአስታማሚያቸው ወደ ጎባ ቢሄዱ አርባ ወንበር ይይዛሉ፤ መመለሻው ሲታሰብ ሰማንያ። ይህን ለመደመር ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። የጤና መድህኑም ሪፈር የጻፈለትን ሰው ቢያንስ የመኪናውን ይቻልለት። መድኃኒት ሲጠፋም «ውጭ ግዙ» ብሎ መሸኘት ሳይሆን፣ የተገዛውን መልሶ የሚከፍል መስኮት ይኑር።

አያት ካርኒውን፣ አባት የነጻ ወረቀቱን፣ ልጅ ደረሰኙን፣ የልጅ ልጅ ደብተሩን ይዞ በዚያው መንገድ ተመላልሷል። ወረቀት በማብዛት በኩል አንታማም። ከእንግዲህ ደብተሩ ላይ የመንገዱ ዋጋ የሚጻፍበት አንድ መስመር ይጨመር።