ማሳውን ያዋሰ ገበሬና ታሪኩን ያዋሰ ሰው

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት ስለ አንድ በሽተኛ ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ጠልቆ ለሚያስብ ሰው ግን ስለ ሀገርም የተነገረ ነው። አንድ ሰው በሽታውን ቢሸሽግ የሚጎዳው እሱና ቤተ ሰቡ ነው። ሕዝብ በሽታውን ቢሸሽግ ግን ሐኪሙ የሚያክመውን ሳያውቅ፣ መካሪውም የሚመክረውን ሳያውቅ ትውልድ ያልፋል። ሰው አጥብቆ ከሚደብቃቸው በሽታዎች አንዱ ደግሞ ሱስ ነው። ስለዚህ ስለ ሱስ ለሚደረግ ጥናት በፈቃዳቸው ራሳቸውን ስለ ሰጡ ሰዎችና ፈቃዳቸው በእውነት ፈቃድ ስላልነበረ ሰዎች ጥቂት እንነጋገር። ዓመታቱ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከሩቅ አገር ሳይሆን ከአርሲ ደጋ እንጀምረው። በ1967 የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን፣ በአጭር ስሙ «ካዱ» የተባለውን፣ በአሰላ አቋቋሙ። ከአሰላ በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው በቁሉምሳ አዳዲስ የእህል ዘሮች ይሞከሩ ነበር። ነገር ግን ዘሩ በባለሙያ ማሳ ላይ ቢያፈራ ገበሬው ምን ይጠቅመዋል? «የመንግሥት መሬት ነው፤ የመንግሥት ማዳበሪያ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ከገበሬዎቹ መካከል ሞዴል የተባሉት ከማሳቸው ከፍለው ለአዲሱ ዘር ማሳያ አደረጉት። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዘሩ ባይበቅል የዓመት ቀለብ ይጎድላል፤ የጎረቤትም መሳቂያ መሆን አለ። ቢሆንም ማሳውን ያዋሰ ገበሬ ስለ ነበረ፣ ሌላው በአጥር ላይ እያየ ተማረ፤ ምርቱም ጨመረ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን ምርቱ ሲጨምር መሬቱ ተወደደ። አንዳንድ ባለ መሬቶችም ትርፉን ባዩ ጊዜ ትራክተር እያስገቡ ጭሰኛውን ካረሰው መሬት አስነሡት። ድርጅቱ የቆመው ለአነስተኛው ገበሬ ነበር፤ ፍሬው ግን ለብዙ ጭሰኛ መፈናቀል ሆነበት። እስከ 1975 የመሬት ዐዋጅ ድረስ ይህ የጭላሎ ቁስል ነበር። እንግዲህ ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ የሚያውስ ሰው ከሌለ ዕውቀት አይገኝም። ሁለተኛው፣ ፍሬው ወደ አዋሹ ካልተመለሰ ዕውቀቱ ራሱ በደል ይሆናል።

አሁን ወደ ሱስ እንመለስ። በዚሁ ደጋ የሚበቅለው ገብስ ሁለት መንገድ አለው። በአንዱ መንገድ በሶና ገንፎ፣ ቆሎም ሆኖ ልጅ ያሳድጋል። በሌላው መንገድ ብቅል ሆኖ ጠላና ቢራ ይሆናል፤ በ1984 በአሰላ የብቅል ፋብሪካ ቆሟል። በምዕራብ አርሲ ያለችው አርሲ ነገሌም በአረቄዋ የታወቀች ናት፤ አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታስተምር እናት በዚያ ብዙ ናት። ገብሱን አንወቅሰውም፤ እናቲቱንም አንወቅሳትም። የጠጣም ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። ነገር ግን «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ ልማዱ በየትኛው ቀን ሱስ እንደ ሆነ ጠጪው ራሱ አያውቀውም። ወሰኑን በግምት ማወቅ አይቻልም፤ ሰውን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ተጠያቂውም እውነቱን መናገር አለበት።

ይህ በሀገራችን ተደርጓል። ከአርሲ ማዶ፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራብ ባለችው በቡታጅራ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የገጠሩን ሕዝብ ጤና ሲያጠና ቆይቷል። በ1999 በታተመው ጥናት ጠያቂዎች ከቤት ወደ ቤት ዞረው 10,468 አዋቂዎችን ስለ ጫት ጠየቁ። ከመቶው 55.7 የሚሆኑት በዘመናቸው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ፣ 50 የሚሆኑት በዚያን ጊዜም እንደሚቅሙ ተናገሩ። ከሚቅሙትም መካከል በየቀኑ የሚቅመው ከመቶው 17.4 ነበር። እንግዲህ «ጫት የቀመሰ ሁሉ ጠፍቷል» የሚለውም፣ «ጫት የጥቂት ሰዎች ነገር ነው» የሚለውም ሁለቱም ሳያውቁ ይናገሩ እንደ ነበር ተገለጠ።

ስለ መጠጥም በዚያው በቡታጅራ በዓለም የታወቁ አራት ጥያቄዎች ቀርበዋል። መጠጥህን ልቀንስ ይገባኛል ብለህ ታውቃለህን? ሰዎች ስለ መጠጥህ ሲነቅፉህ ተቆጥተህ ታውቃለህን? ስለ መጠጣትህ በደለኛነት ተሰምቶህ ያውቃልን? እጅህን ለማጽናት ወይም ስካር ለማብረድ ማለዳ ጠጥተህ ታውቃለህን? ጥያቄዎቹ ቀላል ይመስላሉ፤ ለመመለስ ግን ልብ ይጠይቃሉ። በደጃፉ ቆሞ «አዎን» ብሎ የመለሰ ገበሬ ማሳውን ካዋሰው የጭላሎ ገበሬ አያንስም።

ፈቃድ የሚባለው ስም ብቻ የሆነበት ታሪክ ደግሞ አለ። በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ግዛት፣ ሌክሲንግተን በምትባል ከተማ በ1935 ለሱሰኞች የሚሆን ሆስፒታልም ወህኒ ቤትም የሆነ ትልቅ ቤት ተከፈተ። በዚያ የነበሩ እስረኞች ለጥናት ፈቃደኛ ሆኑ ተባለ። በ1955 ሐኪሙ ሃሪስ ኢዝቤልና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ቀድሞ የሞርፊን ሱሰኞች የነበሩ ዐሥር ሰዎች በየቀኑ ብዙ አልኮል እንዲጠጡ ተደረገ፤ አንዳንዶቹ እስከ 87 ቀን ጠጡ። ምግባቸው አልጎደለም ነበር። መጠጡ በድንገት በቆመ ጊዜ ግን መንቀጥቀጥ፣ የሚጥል በሽታና የአእምሮ መቃዠት መጣባቸው። ከዚያ በፊት ይህ ሥቃይ ከምግብ ማነስ የሚመጣ ነው የሚሉ ሐኪሞች ነበሩ፤ ምክንያቱ የመጠጡ በድንገት መቋረጥ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

ይህ ዕውቀት ዛሬም ነፍስ ያድናል። ብዙ ዘመን በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ብሎ ብቻውን ቤቱን ቢዘጋ ሊሞት ይችላል፤ መተው የሚገባው በሐኪም ዐይን ሥር ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት በምን ዋጋ ተገዛ? በሌክሲንግተን ለጥናት ለቀረበ እስረኛ ዋጋው የእስራት ዘመን መቀነስ ወይም ያው የታሰረበት ዕፅ ነበር። ውሃ የጠማውን ሰው «ውሃ እሰጥሃለሁ፤ እሺ በል» ብሎ እሺታውን ፈቃድ ማለት ይቻላልን? በ1947 በኑረምበርግ የናዚ ሐኪሞችን የፈረዱ ዳኞች፣ ያለ ነጻ ፈቃድ በሰው ላይ ሙከራ አይደረግ ብለው ጽፈው ነበር፤ የሌክሲንግተኑ ጥናት የታተመው ከዚያ ስምንት ዓመት በኋላ ነው። በ1964 የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በሄልሲንኪ ተመሳሳይ ደንብ አወጣ። የሌክሲንግተን ነገር በ1975 በአሜሪካ ሸንጎ ፊት ተነሣ፤ በ1976ም በእስረኞቹ ላይ ይደረግ የነበረው ጥናት ቆመ።

የዳንኤልን ታሪክ የሰማችሁ አስቡት። እሱና ጓደኞቹ ምርኮኞች ነበሩ፤ የንጉሡን ወይን ትተው በጥራጥሬና በውሃ ዐሥር ቀን እንዲፈተኑ የጠየቁት ግን ራሳቸው ነበሩ። አሳቡ የእነሱ ነበር፤ ቀኑም የተቈረጠ ነበር። የሌክሲንግተኑን እስረኛ ከእነሱ የሚለየው የሰንሰለቱ ብረት ሳይሆን እምቢ ለማለት አለመቻሉ ነው።

እናንተ የአሰላና የአካባቢዋ ወጣቶች፣ ይህ ነገር ለእናንተ ሩቅ አይደለም። በ2014 የተቋቋመው የአርሲ ዩኒቨርሲቲ በከተማችሁ አለ፤ የማስተማሪያ ሆስፒታልም አለ። አንድ ቀን መጠይቅ የያዘ ሰው ወደ እናንተ ወይም ወደ ወንድማችሁ ቢመጣ፣ እንደ ወሬ አቀባይ አትዩት፤ በጭፍንም «እሺ» አትበሉት። እነዚህን ጠይቁት። ጥናቱን የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይቶ ፈቅዷልን? ስሜ ይሰወራልን? ምን ጉዳት ሊያገኘኝ ይችላል? በመካከል ብተው ሕክምናዬ ይቀርብኛልን? የተገኘውስ ዕውቀት ወደ እኛ ይመለሳልን? መልሱ መልካም ከሆነና ልባችሁ ከፈቀደ፣ እውነቱን ሳትቀንሱና ሳትጨምሩ ንገሩት። የሐሰት መልስ የተቀቀለ ዘር መዝራት ነውና። መልሱ ካላማራችሁም «አይሆንም» በሉ፤ ይህም ነውር የለበትም።

ማሳውን ያዋሰ ገበሬ መሬቱን አልሰጠም፤ አዋሰ እንጂ። መሬቱ ዘወትር የእሱ ነበር። ስለ ሱሱ የሚናገርም ሰው ክብሩን አይሰጥም። ታሪኩን ያውሳል፤ ክብሩ ግን ከእሱ ጋራ ይኖራል። ይህን ለሚያስታውስ መርማሪ ልባችንን እንክፈት፤ ለሚረሳው ደግሞ ደጃፋችንን እንዝጋ።